የድጋፍ ግንብ ከመውደቁ በፊት ይንሸራተታል፦ ንዝረት የሚችል የድንጋይ ግንብ አሠራር

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የምድር መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ሰው ሁሉ የተጨነቀው ስለሚኖርበት ሕንፃ ነበር። ተዳፋት ላይ ቤት የሠራ ሰው ግን አፈሩን ተሸክሞ የቆመውን የድጋፍ ግንብም ማሰብ አለበት።

ግንቡ በንዝረት ጊዜ ሦስት ግፊት በአንድ ላይ ይመጣበታል። የመጀመሪያው ሁልጊዜም ያለው የአፈሩ ግፊት ነው። ሁለተኛው አፈሩ ሲነቃነቅ የሚጨምረው ነው። ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ የግንቡ የራሱ ክብደት ወደ ውጭ የሚገፋው ነው። ዝቅ ያለ ግንብ ንዝረቱን ብዙም አያጎላም። በደንብ የተጠቀጠቀ የ3 ሜትር ሙሌት (ከግንቡ ጀርባ የሚሞላው አፈር) በተፈጥሮው በሰከንድ 16 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ የመንቀጥቀጡ ዋና ጉልበት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በታች ነው። ስለዚህ አፈሩና ግንቡ አብረው እንደ አንድ አካል ይሄዳሉ፣ ግፊቱንም በቀላል ሒሳብ ማግኘት ይቻላል።

ቁመቱ 3 ሜትር፣ አናቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ታቹ 1.5 ሜትር የሆነ፣ በአፈሩ በኩል ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ እንውሰድ። በአንድ ሜትር ርዝመት 69 ኪሎኒውተን (7 ቶን ገደማ) ይመዝናል። ደረቅ ገረጋንቲ ሙሌት (18 ኪሎኒውተን በሜትር ኩብ፣ የውስጥ ሰበቃው 30 ዲግሪ) በ27 ኪሎኒውተን ይገፋዋል። ከታች የሚይዘው ሰበቃ በ0.55 ሲሰላ 38 ስለሆነ ግንቡ ይቆማል። አሁን የስበትን አንድ አሥረኛ የሚያህል ንዝረት ጨምሩበት። አፈሩ 6፣ የግንቡ ክብደት 7 ኪሎኒውተን ገደማ ይጨምራሉ። ድምሩ 40 ደረሰ፣ ግንቡም ተንሸራተተ። በመገልበጥ በኩል ግን የሚያቆመው ኃይል ገና ከሚገለብጠው ከ1.4 እጥፍ በላይ ነው። ለራሳችሁ ቦታ የሚሆነውን የንዝረት መጠን ከአገራችን የሕንፃ ደንብ ካርታ ውሰዱ፤ ከ3 ሜትር በላይ የሆነን ግንብ ደግሞ መሀንዲስ ያስላው።

ግንበኛው ወዲያው “እናወፍረው” ይላል። ታቹ 1.8 ሜትር ቢደረግ ሰበቃው ወደ 44 ይደርሳል፤ ክብደቱ የሚያመጣው ግፊትም አብሮ ስለሚጨምር ትርፉ ትንሽ ነው። የሚያዋጣው የመሠረቱን ወለል ወደ አፈሩ በኩል ማዘንበል ነው። 1 ለ 6 ሲዘነብል፣ ማለትም በ1.5 ሜትር ስፋት የኋላው ጫፍ ከፊቱ 25 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል፣ ያው ግንብ ከ38 ይልቅ እስከ 54 ኪሎኒውተን ይችላል። ለመውጣት ዳገት መግፋት አለበትና። ትርፍ ድንጋይ አያስፈልግም፤ ቁፋሮው ላይ ውኃ ልክ ይዞ መቆም ብቻ ነው የሚጠይቀው። ቁፋሮው ግን መረሬውን አልፎ ጠንካራ መሬት መድረስ አለበት፤ አለበለዚያ ግንቡ ከሥሩ ካለው አፈር ጋር አብሮ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ጠላት ውኃ ነው። ከ3 ሜትር ግንብ ኋላ እስከ አናቱ የተጠራቀመ ውኃ ብቻውን 44 ኪሎኒውተን ይገፋል፤ ከደረቁ አፈር ግፊት ይበልጣል ማለት ነው። ያልተጠቀጠቀና ውኃ የጠገበ አሸዋ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ እንደ ፈሳሽ ይሆናል። ስለዚህ ከግንቡ ጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጹሕ ጠጠር ከታች እስከ ላይ አድርጉ፤ በጠጠሩና በሙሌቱ መካከል ጂኦቴክስታይል (ውኃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) ይግባ። ከ75 እስከ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ የፒቪሲ ቱቦ በየ1.5 ሜትር፣ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ረድፍ ከፊት ለፊቱ መሬት ትንሽ ከፍ ይበል። ግንበኞች ሞርታሩ (የሲሚንቶና የአሸዋ ቅልቅሉ) ሲፈስ ቱቦውን ይደፍኑታል፤ ሙሌት ከመግባቱ በፊት በእያንዳንዱ ውኃ አፍስሳችሁ ፈትሹ። ከክረምት በኋላ ግንቡ ላይ እርጥበት እየታየ ከቱቦው ሥር የውኃ መስመር ከሌለ ተደፍኗል።

ድንጋዩ ሲገነባ የፊትና የኋላ ረድፍ ብቻ በሞርታር ተይዞ መሐሉ በደረቅ ፍርስራሽ የሚሞላበት ልማድ አለ። ሲያዩት ያምራል። በንዝረት ጊዜ ግን ፍርስራሹ እየተቀመጠ ሁለቱን ረድፎች ይፈለቅቃል፣ ፊቱ ሆድ ያወጣል፣ ከዚያ ይዘረገፋል። መሐሉም በ1 ለ 3 ወይም በ1 ለ 4 ሞርታር ይሞላ። በየሜትሩ ቁመትና ርዝመት፣ ከፊት ወደ ውስጥ ጠልቀው ረድፎቹን የሚያስሩ ረጃጅም ድንጋዮች ይግቡ። በየ8 እስከ 10 ሜትር ርዝመት ግንቡን ከላይ እስከ ታች የሚከፍል ክፍተት ተዉ።

ሙሌቱን ሞርታሩ ቢያንስ አንድ ሳምንት ከጠና በኋላ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቃችሁ አስገቡ። ለግንቡ ቅርብ በሆነው አንድ ሜትር ውስጥ ከባድ ሮለር አይግባ፤ በእጅ የሚገፋው ኮምፓክተር ይበቃል። መረሬ ለሙሌት አይሁን።

በግንቡ አናት ላይ የብሎኬት አጥር መደርደር የተለመደ ነው። በንዝረት ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚወድቀው ይኸው አጥር ነው፤ የሚወድቀውም ከታች በሚያልፈው ሰው ላይ ነው። ማስቀረት ካልተቻለ፣ ፌሯቸው ግንቡ ውስጥ ገብቶ የታሰረ የአርማታ ቋሚዎችና ከላይ የሚይዛቸው ማሰሪያ ይኑረው።

ንዝረት ከተሰማ በኋላ በመጀመሪያ የሚታየው ከግንቡ በላይ ያለው መሬት ነው። ከግንቡ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ካለ ግንቡ ተንቀሳቅሷል። ቱንቢ ጣሉና ዝንባሌውን ለኩ፤ በስንጥቁ ሁለት ጎን ምልክት አድርጋችሁ በሳምንቱ ድገሙት። ልዩነት ካለ ከግንቡ በታች ያሉ ሰዎች ይነሡ፣ ከላይ የተከመረ ድንጋይና አፈር ይነሣ፣ የዝናብ ውኃ ወደ ስንጥቁ እንዳይገባ በላስቲክ ይሸፈን።