የአዲስ ቤት መግቢያ ለምን ይበላሻል? ከደረጃው እስከ በሩ ጀርባ

አዲስ ቤት ሲሠራ መግቢያው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይቀራል። ሳሎኑና ኩሽናው ሲያልቅ ገንዘቡም ትዕግስቱም አብሮ ይሟጠጣል። የተረፈው ሴራሚክ ይነጠፋል፣ የተረፈው ቀለም ይቀባል፣ "ክረምቱ ሳይገባ እንግባ" ይባላል። እኛም ገላን ላይ ቤታችንን ስንጨርስ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ግንቦት ላይ ገባን። ሐምሌ ላይ ከበሩ ጀርባ ውሃ ተኝቶ አገኘን። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት ክረምቶች መግቢያችንን በየተራ አፍርሰን ሠርተነዋል፤ የጎረቤቶቼንም እየዞርኩ አይቻለሁ።

የመግቢያ ብልሽት አብዛኛው ከውሃ ይመጣል። ስለዚህ መስታወትና የአበባ ማስቀመጫ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ከባድ ዝናብ ጠብቁ። ጃንጥላ ይዛችሁ ደጅ ቁሙ። ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በዓይናችሁ እዩ። ካሳለፍኩት ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው።

ዝናብ ሲጥል ውሃ በበሩ ስር ይገባል

መጀመሪያ በጠራ ቀን በረንዳው ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉ። ውሃው ወደ በሩ ከሄደ የንጣፉ ተዳፋት ተገልብጧል ማለት ነው። ባለበት ከቆመም ያው ነው፤ ተዳፋት የለውም። በረንዳ ከበሩ ወደ ውጭ በየ1 ሜትሩ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከዚህም ሌላ የበረንዳው ወለል ከቤቱ ወለል ቢያንስ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ብዙ ሰው "አንድ ወጥ ሆኖ ያምራል" ብሎ እኩል ያስነጥፈዋል። ያምራል፤ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ ግን ውሃውን የሚያቆመው ነገር የለም።

ባልዲው ፈተናውን ካለፈ ቀና ብላችሁ ከበሩ በላይ የወጣውን ኮንክሪት ተመልከቱ። ሆዱ ላይ ውሃ እየተንፏቀቀ ወደ ግድግዳው ከመጣ፣ ከጠርዙ ስር ውሃ ማንጠባጠቢያ መስመር አልተሠራለትም። ከጠርዙ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ 1 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦይ በመቁረጫ ማሽን ማውጣት ይቻላል። ውሃው ቦዩን መሻገር ስለማይችል እዚያው ይንጠባጠባል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ወለሉ እኩል ሆኖ ተዳፋቱ ደህና ከሆነ፣ ደፉ ላይ ከፍ ያለ የግራናይት ቁራጭ አስገብቶ በሩ ስር ጎማ ማድረግ ይበቃል። ተዳፋቱ የተገለበጠ ከሆነ ግን ሲሊኮን አያድነውም። እኛ ሦስት ጊዜ ሲሊኮን አስጨምረን በመጨረሻ ያው ማፍረሱ አልቀረልንም። የሦስቱ ጊዜ ገንዘብ ለአንዱ ማፍረስ ይበቃ ነበር።

የግድግዳው ግርጌ ቀለሙ ያብጣል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል

በጣም የተለመደ ነው። በጣም የሚሳሳቱበትም ይህ ነው። ሰው ቀለሙ መጥፎ መስሎት እንደገና ያስቀባል። ከሁለት ወር በኋላ ያው ተመልሶ ያብጣል።

ነጩ ዱቄት ጨው ነው። በሲሚንቶው፣ በአሸዋውና በአፈሩ ውስጥ ያለውን ጨው ውሃ አሟሙቶ ይዞት ይወጣል። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄው ቀለሙ ሳይሆን ውሃው ከየት መጣ የሚለው ነው።

በፌስታል መለየት ይቻላል። አንድ ክንድ የሚያህል ፌስታል ግድግዳው ላይ በአራቱም ጎን በፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፉ። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ እዩት። ጤዛው ከፌስታሉ ጀርባ በግድግዳው በኩል ከሆነ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ እየመጣ ነው። ፊት ለፊት ከሆነ የቤቱ አየር ነው፤ መስኮት መክፈት ይበቃዋል።

ከግድግዳው ውስጥ ከሆነ ሁለት ዕድል አለ። አንዱ ቀላል ነው፦ ልስኑ ሳይደርቅ ተቀብቷል። የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ይፈልጋል፤ በክረምት ከዚያም በላይ። ይህ ከሆነ የተላጠውን ፍቃችሁ በበጋ አድርቁትና ቀቡት። አይመለስም።

ሁለተኛው የግቢው አፈር ነው። እኛ ሰፈር ብዙ ቤት ላይ ያየሁት እንዲህ ነው። ቤቱ ሲሠራ ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ ነበር። ከዚያ ግቢው ጭቃ ስለሆነ ገረጋንቲ (ጠጠር ያለበት የመሙያ አፈር) ተደፋበት። በላዩ ኮብልስቶን ተነጠፈ። ለማስዋብ ደግሞ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ አፈር ተቆለለና አበባ ተተከለ። አሁን የግቢው መሬት ከቤቱ ወለል እኩል ሆኗል። አበባው ውሃ በጠጣ ቁጥር ብሎኬቱም ይጠጣል።

የአበባ መደቡን ከግድግዳው አርቁት፤ ወይም በማሰሮና በባልዲ ትከሉ። የውጪው መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ቆፍሩ። አሸንዳ ከሌለ አሠሩ። ይህ ሳይሆን ውስጡን አትንኩ። ከሆነ በኋላ ያበጠውን ጂፕሰም እርጥበቱ ከደረሰበት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ አስነሱት፤ ጂፕሰም ውሃ ሲነካው ይላሽቃል፣ ጥገናም አይቀበልም። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። በውሃ ካጠባችሁት ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። በጋውን ሙሉ ራቁቱን ተዉት። ይህ ከባድ ነው፤ እንግዳ ይመጣል፣ በዓል ይመጣል። ግን ታገሱ። ከዚያ በሲሚንቶ ልስን ተክታችሁ ከግርጌው ዞኮሎ (የግድግዳውን ግርጌ የሚሸፍነውን ጠባብ ንጣፍ) አዙሩበት። ዘይት ቀለም አትቀቡ፤ እርጥበቱን አፍኖ ወደ ላይ ይገፋዋል።

ሴራሚኩ ሲረገጥ ባዶ ድምፅ ይሰጣል

የእኛን ያፈረሱልን አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ሳንቲም አውጥተው እያንዳንዱን አንኳኩ።

"እህቴ፣ ይቺን ስሚ። ባዶ ናት።"

"ሁሉም ይነሳ ማለት ነው ጋሼ?"

"የለም። መሃሏ ትንሽ ባዶ ከሆነ ትኖራለች። ጠርዟ ባዶ የሆነችውን ግን ዛሬ ካላነሳሻት ነገ ትሰበራለች።"

ሲነሳ ምክንያቱ ታየ። ቡኮው (ሴራሚኩን የሚይዘው የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) በአራት ማዕዘንና በመሃል በጉብታ ተቀምጦ ሴራሚኩ ላዩ ላይ ተጭኖበታል። በጉብታዎቹ መካከል አየር ብቻ ነው። ቡኮው በሙሉ ተዘርግቶ፣ ጥርስ ባለው ብረት ተበጥሮ፣ ሴራሚኩ ተመትቶ መቀመጥ ነበረበት።

ሌላም አለ። ተራው ሴራሚክ ውሃ ስለሚመጥ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ይነከራል፤ አለዚያ የቡኮውን ውሃ ይመጥበትና ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይደርቃል። ፖርስሊን ግን ውሃ አይመጥም ማለት ይቻላል። በተራ ሲሚንቶና አሸዋ በደንብ አይያዝም። ለሱ የሴራሚክ ማጣበቂያ ግዙ። በሴራሚኮቹ መካከል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር፣ ከግድግዳው ጋር ደግሞ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ግድግዳው ጋ ያለውን ዞኮሎው ይሸፍነዋል። የቀትር ፀሐይ የሚያገኘው በረንዳ ላይ ያለ ክፍተት የተነጠፈ ሴራሚክ ሲሞቅ መሄጃ ያጣና ተነስቶ ይቆማል።

በሩ ይፈጋል፣ ከማዕዘኑ ስንጥቅ ወጥቷል

በሩ መቼ እንደሚፈጋ፣ ማለትም እየተፋተገ አልከፈት አልዘጋ እንደሚል፣ አስታውሱ። ገና ከገባችሁ ጀምሮ ከሆነ በሩ የተገጠመው ወለሉ ሳይነጠፍ ነው። ቡኮና ሴራሚክ አንድ ላይ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል፤ ያንን ያላሰበ በር ወለሉን ይፍቃል። ከስሩ ማስቆረጥ ብቻ ነው።

ክረምት ላይ ፈግቶ በበጋ የሚለቅ የእንጨት በር ከሆነ እርጥበት ጠጥቶ ነው። የላይና የታች ጠርዙን ዳስሱ። ስለማይታይ ማንም አይቀባውም፤ እንጨት ደግሞ ውሃ የሚጠጣው በዚያ ነው። በበጋ አስወርዳችሁ አስልጉት፣ ስድስቱንም ገጽ ቫርኒሽ አስቀቡ።

ሦስተኛው ያሳስባል። በሩ ይፈጋል፣ ከበሩ በላይ ካለው ማዕዘን ደግሞ ሰያፍ ስንጥቅ ወጥቷል። ወይም ደረጃው ከቤቱ ተላቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ገላን፣ አቃቂ፣ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ያለን ሰዎች መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር ላይ ነን። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የቤቱ መሠረት ጥልቅ ነው። ደረጃው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ከላይ ከላዩ የተሠራ ነው። ስለዚህ ቤቱ ቆሞ ደረጃው ይወጣል፣ ይወርዳል።

ስንጥቁን ወዲያው በስቱኮ አትድፈኑት። ጫፎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ተከታተሉት። ካልረዘመ ድፈኑት። ከረዘመ፣ ወይም የስክሪብቶ ጫፍ የሚያስገባ ከሆነ መሐንዲስ ጥሩ፤ ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ አይቆጭም። የተላቀቀው ደረጃ ከሆነ ጥቁሩ አፈር ወጥቶ ገረጋንቲ በ20 ሴንቲ ሜትር ንብር እየተጠቀጠቀ ይገባለታል። ደረጃውና ቤቱ የሚገናኙበትን ግን በሲሚንቶ አታስሩት፤ ለየብቻ ይንቀሳቀሱ፣ መሃሉን ሲሊኮን ይሙላው። ባህር ዛፍ ከአጠገቡ ካለ የአፈሩን ውሃ እየመጠጠ ያባብሰዋል።

ደረጃው ያደናቅፋል፣ ያንሸራትታል

የደረጃዎቹን ከፍታ በሜትር ለኩ። ከ15 እስከ 17 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሁሉም እኩል መሆን አለበት። የሚለየው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ነው፤ የወለሉ ንጣፍ ውፍረት ተረስቶ። እናቴ ጥምቀት ዕለት የተደናቀፉት እዚያው ላይ ነው። በጉልበታቸው ወድቀው ተረፉ። በማግስቱ አስፈረስኩት።

የሚያብለጨልጭ ግራናይት ደረጃ ላይ አታድርጉ። የእኛ መንገድ አስፋልት የለውም፣ ጫማ ሁሉ ጭቃ ይዞ ይመጣል። አስቀድሞ ተነጥፎ ከሆነ በየደረጃው ጠርዝ ላይ ሁለት ሦስት መስመር አስቆርጡ።

የብረት በሩ ዝገት ያወጣል

ብየዳው ጋ ይጀምራል። ሳይሞረድና አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ሳይነካው ተቀብቷል። ዝገቱን እስከ ብረቱ ፍቁ፣ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) ጥረጉ፣ አንቲረስት ሁለት እጅ፣ ከዚያ ቀለም።

ውስጡ ይጨልማል፣ የሰቀሉት ይወድቃል

ከበሩ በላይ መስታወት ካልተተወለት ቀን ላይም መብራት ይፈልጋል። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ። 6500 ኬልቪን የሚለው ነጭ ነው፤ ፊት ያገረጣል። 3000 የሚለው ሞቅ ይላል። የፊት መስታወቱን ከበሩ ትይዩ ሳይሆን ከጎን ስቀሉት፤ የበሩን ብርሃን ወደ ውስጥ ይመልሳል።

ኮት መስቀያው የሚወድቀው ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ነው። ሚስማር ልስኑን ብቻ ይይዛል። በድሪል በስታችሁ ረዘም ያለ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) አስገቡ። ክረምት ላይ የራሰ ጋቢና ካፖርት ሲሰቀልበት ክብደቱ ቀላል አይደለም።

ሰፌድና መሶብ ወርቅ ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉ ከሆነ ከጀርባቸው ትንሽ ቡሽ ለጥፉ፤ ከግድግዳው ትንሽ ይራቁና አየር ያግኙ። የአያቴ ሰፌድ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ሻግቶ ነበር። መስከረም ላይ አውርጄ በደረቅ ብሩሽ ጠረግኩት፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ቀዩ ስንደዶ ትንሽ ደብዝዟል፤ አሁን ከበሩ በስተቀኝ፣ ደረቁ ግድግዳ ላይ ነው።