ለጁሪ ሲጠሩ፦ ከመጥሪያው ፖስታ እስከ ሸንጎው ውሳኔ

አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከፍርድ ቤት የተላከ ፖስታ ሲደርሰው መደንገጡ አይቀርም፤ በአገራችን የፍርድ ቤት መጥሪያ የሚመጣው ለተከሳሽ፣ ለምስክር ወይም ለባለጉዳይ ነውና። የጁሪ ዱቲ መጥሪያ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ተጠሪው የሚፈለገው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀምጦ የሌሎችን ሙግት እንዲሰማና ፍሬ ነገሩ ላይ እንዲወስን ነው። በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ማስረጃውንም ሕጉንም የሚመረምረው ዳኛው ራሱ በመሆኑ ለዚህ ሥራ የተለመደ ስም እንኳ የለንም፤ በዋርካ ጥላ ሥር እየተሰበሰበ «በልሃ ልበልሃ» ሲባል ያዳምጥ የነበረው የጥንቱ ሸንጎ ምናልባት ይቀርበው ይሆናል። የአሜሪካው ጁሪ ግን እንደ ዋርካው ሸንጎ የወደደ የሚቀመጥበት፣ የሰለቸው ተነሥቶ የሚሄድበት አይደለም። ለዜግነት ፈተና ያጠና ሰው፣ የዜጎች ብቻ ከሆኑት ኃላፊነቶች አንዱ በጁሪ ማገልገል መሆኑን ሳያስታውስ አይቀርም።

ዝርዝሩ ከግዛት ግዛት፣ እንዲሁም በፌዴራልና በግዛት ፍርድ ቤቶች መካከል ይለያያል። ስለዚህ እዚህ የተጻፈውና መጥሪያዎ ላይ የተጻፈው ከተለያዩ መጥሪያውን ይከተሉ።

በመጀመሪያ፣ ፖስታውን ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አይጣሉት

መጥሪያው የሚመጣው በፖስታ ነው። ስምዎ የተገኘው በአብዛኛው ከመራጮች መዝገብ ወይም ከመንጃ ፈቃድ ዝርዝር በዕጣ ነው፤ ማንም ጠቁሞዎት ወይም ከስሶዎት አይደለም። በውስጡ የሚቀርቡበትን ቀንና ቦታ፣ የተጠሪነት ቁጥርዎን፣ እንዲሁም ተሞልቶ የሚመለስ መጠይቅ ያገኛሉ። በፌዴራል ሕግ መጠይቁ በ10 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ብዙ ፍርድ ቤቶች በኢንተርኔት መሙላትንም ይፈቅዳሉ። በፌዴራል ፍርድ ቤት ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው እስከ 1000 ዶላር ሊቀጣ፣ እስከ 3 ቀን ሊታሰር ወይም የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጥ ሊታዘዝ ይችላል።

ይህንኑ ፍርሃት አጭበርባሪዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። ስልክ ደውለው «ለጁሪ ተጠርተህ ስለቀረህ የእስር ትእዛዝ ወጥቶብሃል፤ አሁኑኑ በጊፍት ካርድ ክፈል» የሚሉ ሰዎች የብዙዎችን ገንዘብ ወስደዋል። ፍርድ ቤት በስልክ የቅጣት ገንዘብ አይሰበስብም፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎንም በስልክ አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ጥሪ ከደረሰዎት ስልኩን ይዝጉና የፍርድ ቤቱን ቁጥር ራስዎ ፈልገው ይደውሉ።

መጠይቁን በእውነት መሙላት

ከሁሉም ደረጃ ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው፤ በተለይ ዜግነት ገና ላላገኙ ሰዎች። በፌዴራል ሕግ በጁሪ ለማገልገል የአሜሪካ ዜጋ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላት፣ በፍርድ ቤቱ የሥልጣን ክልል ውስጥ አንድ ዓመት መኖር፣ እንግሊዝኛ መናገርና መጠይቁን ለመሙላት በሚበቃ ደረጃ ማንበብና መጻፍ ያስፈልጋል። ከአንድ ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ተከስሶ ጉዳዩ ያላለቀ ሰው፣ ወይም በእንዲህ ያለ ወንጀል ተፈርዶበት የሲቪል መብቱ ያልተመለሰለት ሰው ሊቀመጥ አይችልም።

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዜጋ መሆን ስለማያስፈልግ፣ መጥሪያው ለግሪን ካርድ ባለቤቶችም ይደርሳል። ይህ ሲሆን መልሱ አጭርና ግልጽ ነው፦ «የአሜሪካ ዜጋ ነዎት?» በሚለው ጥያቄ ፊት «አይደለሁም» የሚለውን ምልክት አድርጎ መመለስ። ዝም ብሎ መተው ስህተት ነው። «እምቢ ካልኩ ዜግነቴን ያከብዱብኛል» ብሎ ሄዶ መቀመጥ ደግሞ ከዚያ የባሰ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ከአገር ሊያስወጣ የሚችል ከባድ ጥፋት ነው፤ የዜግነት ማመልከቻውም ይህንኑ በቀጥታ ይጠይቃል። ስምዎ ከመራጮች መዝገብ የተወሰደ ከሆነና እርስዎ ዜጋ ካልሆኑ፣ ማንኛውንም ወረቀት ከመፈረምዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

ሁለተኛው ጥያቄ የቋንቋ ነው። አነጋገሬ የባዕድ ነው፣ ሰዋስው እስታለሁ ብሎ ራስን ማግለል ተገቢ አይደለም፤ ሕጉ የሚጠይቀው መግባባትን እንጂ ያለ እንከን መናገርን አይደለም። በሌላ በኩል፣ ዕድሜያቸው 50 ሞልቶ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሞልቶ 15 ዓመት የኖሩ አዛውንቶች ከእንግሊዝኛ ፈተና ነፃ ሆነው በአማርኛ አስተርጓሚ ዜግነት ሊያገኙ ስለሚችሉ፣ ሙሉ ዜጋ ሆነው ችሎት ግን መከታተል የማይችሉ እናቶችና አባቶች በመካከላችን አሉ። እነርሱ መጠይቁ ላይ ይህንኑ ሊገልጹ ይገባል፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ከሞላላቸውም መጠይቁ የሞላው ሰው ማን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ አለው። (ኒው ሜክሲኮ በዚህ ረገድ ለየት ትላለች፤ የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛ ባለማወቅ ብቻ ሰውን ከጁሪ ማግለልን ስለሚከለክል ፍርድ ቤቶቿ አስተርጓሚ ያቀርባሉ።)

ቀኑ ካልተመቸ

ፈተና፣ የተቆረጠ የአውሮፕላን ትኬት ወይም ሠርግ ካለብዎ ቀኑ እንዲዛወር ይጠይቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀርብ የማዛወር ጥያቄ በአብዛኛው ያለ ብዙ ችግር ይፈቀዳል። ከአገልግሎቱ ጨርሶ መሰናበት ግን ማስረጃ ይፈልጋል፦ የሐኪም ደብዳቤ፣ ሌላ ጠባቂ የሌለው ሕፃን ወይም በሽተኛ መኖሩ፣ እጅግ የከበደ የገንዘብ ችግር። በብዙ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከ70 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከጠየቀ ይሰናበታል። ሥራ ይበዛብኛል ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የራሱን ታክሲ የሚነዳ ወይም ትንሽ ሱቅ የሚጠብቅ ሰው የቀን ገቢው እንደሚቋረጥበት በቁጥር አስደግፎ ማስረዳት ይኖርበታል።

ለቀጣሪ መጥሪያውን በደረሰበት ቀን ማሳየት ይበጃል። በፌዴራል ፍርድ ቤት በማገልገሉ ምክንያት ቋሚ ሠራተኛን ማባረር ወይም ማስፈራራት በሕግ የተከለከለ ነው፤ አብዛኞቹ ግዛቶችም ተመሳሳይ ጥበቃ አላቸው። ደመወዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በማሳቹሴትስ ቀጣሪው የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት የመክፈል ግዴታ አለበት፤ በብዙ ቦታዎች ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም።

ዋዜማውና ጠዋቱ

በዋዜማው ምሽት መጥሪያው ላይ ወዳለው ስልክ ይደውሉ ወይም ድረ ገጹን ይመልከቱ፤ የእርስዎ ቁጥር ያለበት ምድብ «አያስፈልግም» ሊባል ይችላል። ይህን ሳያጣሩ በማለዳ ተነሥቶ ተዘግቶ ወደሚያገኙት አዳራሽ መሄድ ለብዙዎች የደረሰ ነገር ነው።

የሚቀርቡ ከሆነ መጥሪያውንና መታወቂያዎን ይያዙ። መግቢያው ላይ እንደ አውሮፕላን ጣቢያ ፍተሻ ስላለ ቢላዋ፣ መቀስና ስለት ነገር ቤት ይቅር። ስልክ የማያስገቡ ፍርድ ቤቶችም ስላሉ ቀድመው ያጣሩ። ልብስዎ ለቢሮ እንደሚለበሰው ይሁን። መጽሐፍ፣ የማንበቢያ መነጽር፣ መድኃኒትዎንና ሹራብ መያዝ አይርሱ፤ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነም የጾም ምሳ ቋጥሮ መሄድ በካፌው ድንች ጥብስ ብቻ ከመዋል ያድናል።

መጠበቅ፣ ከዚያም መመረጥ

የመጀመሪያው ቀን ትልቁ ሥራ መቀመጥ ነው። ስምዎ ይመዘገባል፣ ስለ ጁሪ ሥራ የተዘጋጀ አጭር ቪዲዮ ያያሉ፣ ከዚያ ስም እስኪጠራ መጠበቅ ነው። ባለጉዳዮቹ በመጨረሻው ሰዓት ስለሚስማሙ ወይም ተከሳሹ ጥፋቱን ስለሚያምን ማንም ሳይጠራ ቀኑ ሊያልቅ ይችላል። ብዙ ፍርድ ቤቶች፣ የዋሽንግተን ዲሲው ጭምር፣ «አንድ ቀን ወይም አንድ ሙግት» በሚል አሠራር ስለሚሄዱ፣ ያልተመረጠ ሰው በዚያው ቀን ግዴታውን ፈጸመ ይባላል።

ከተጠሩ በቡድን ወደ ችሎት ይገባሉ፣ ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ፣ ዳኛውና ጠበቆቹም ይጠይቁዎታል፦ ከባለጉዳዮቹ አንዱን ያውቃሉ? በእርስዎ ወይም በቤተሰብዎ ላይ ወንጀል ተፈጽሞ ያውቃል? ፖሊስ የሆነ ዘመድ አለዎት? በሕዝብ ፊት መናገር የማይፈልጉት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ በቀይ ሽብር ዘመን ወይም በእስር ቤት የደረሰብዎ ነገር በጉዳዩ ላይ ያለዎትን አመለካከት ይነካል ብለው ከሠጉ፣ ለዳኛው ብቻ ለመናገር መጠየቅ ይችላሉ። ያን ጊዜ ወደ ዳኛው ጠረጴዛ ያስጠጉዎታል፤ አንዳንድ ችሎት ውስጥ ንግግሩ ለሌላው እንዳይሰማ የሚሸፍን የፉጨት ዓይነት ድምፅ ይለቀቃል።

ዳኛው አድልዎ ሊኖርበት ይችላል ያለውን ሰው ሁሉ ያሰናብታል፤ ለዚህ የቁጥር ገደብ የለውም። ከዚህ ሌላ ሁለቱ ወገኖች ምክንያት ሳይሰጡ የተወሰኑ ሰዎችን የመቀነስ መብት አላቸው፤ በፌዴራል ከባድ ወንጀል ዐቃቤ ሕግ 6፣ የተከሳሹ ወገን 10 ሰው ሊቀንስ ይችላል። በዘር ምክንያት መቀነስ ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 በእነ ባትሰን ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ተከልክሏል። ስለዚህ «ይሰናበቱ» ቢባሉ እንደ ስድብ አይቁጠሩት። ላለመመረጥ ሲሉ ዘረኛ ወይም ግራ የተጋባ መስሎ መቅረብ ግን በመሐላ ሥር መዋሸት ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህን «ብልሃት» እንደ ቀልድ የሚያስተምሩ ሰዎች ለዘመዶቻቸው ክፉ ነገር እየመከሩ ይመስለኛል።

ችሎት ውስጥ

በፌዴራል የወንጀል ችሎት የሚቀመጡት 12 ሰዎች ናቸው፤ በፍትሐ ብሔር ከ6 እስከ 12 ሊሆኑ ይችላሉ። የሙግቱ ሥርዓት ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም፦ የመክፈቻ ንግግር፣ ምስክር፣ ዋና ጥያቄ፣ መስቀለኛ ጥያቄ፣ የመዝጊያ ንግግር። ማስታወሻ መያዝ የሚቻለው ዳኛው ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ጥብቁ ክልከላ ከችሎት ውጭ ያለው ነው። ሙግቱ እስኪያልቅ ስለ ጉዳዩ ከማንም ጋር፣ ከትዳር ጓደኛም ጋር ቢሆን፣ መነጋገር አይፈቀድም፤ ስሞቹን ኢንተርኔት ላይ መፈለግ፣ ድርጊቱ ተፈጸመ የተባለበትን መንገድ ሄዶ ማየት፣ ፌስቡክ ላይ መጻፍም እንዲሁ። እሑድ ቡና ላይ «ምን ዓይነት ጉዳይ ነው?» ተብሎ መጠየቅ አይቀርም፤ መልሱ «ሲያልቅ እነግራችኋለሁ» ነው።

አማርኛ ለምንናገር ሰዎች አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ምስክሩ በአማርኛ ሲናገር እርስዎ አስተርጓሚው ከሚለው በፊት ይረዱታል፤ ሕጉ ግን ሁሉም የጁሪ አባላት አንድ ዓይነት ማስረጃ እንዲሰሙ ስለሚፈልግ፣ ማስረጃው እንግሊዝኛው ትርጉም ነው። «እርሱ ያለው ሌላ ነው» ብሎ ለጎረቤት መተርጎም አይገባም፤ ስህተት የሰሙ ከመሰለዎት በወረቀት ጽፈው ለዳኛው ያስተላልፉ። ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ በ1991 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኸርናንዴዝና በኒው ዮርክ ጉዳይ፣ ስፓኒሽ የሚችሉ ተጠሪዎች ትርጉሙን ለመቀበል ማመንታታቸውን ምክንያት አድርጎ ዐቃቤ ሕግ መቀነሱን ተቀብሏል። በምርጫው ጊዜ ይህ ጥያቄ ከተነሣብዎ አስበውበት ይመልሱ።

ምክክሩ

ዳኛው ሕጉን ካብራራ በኋላ የጁሪ አባላቱ ለብቻቸው ይገባሉ፣ ሰብሳቢ ይመርጣሉ፣ ስልካቸውንም ያስረክባሉ። በወንጀል ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት፤ በፍትሐ ብሔር ግን በአብዛኛው ሚዛን የደፋ ማስረጃ ይበቃል። ይህ ልዩነት የምክክሩ ሁሉ መሠረት ነው፤ «ሳያደርገው አይቀርም» የሚል ስሜት በወንጀል ጉዳይ ጥፋተኛ ለማለት አይበቃም። በከባድ ወንጀል ውሳኔው በሙሉ ድምፅ መሆን አለበት፤ ከ2020 ወዲህ ይህ በግዛቶችም ላይ ይሠራል። ካልተስማሙ ለዳኛው ይገለጻል፤ ሙግቱ ፈርሶ እንደገና ሊጀመር ይችላል። ለማንም ይሉኝታ ብሎ ድምፅን መለወጥ አይገባም፣ የሌላውን ሐሳብ ሰምቶ አእምሮን መለወጥ ግን ነውር አይደለም።

ቅጣቱን የሚወስነው በአብዛኛው ዳኛው ነው። በቨርጂኒያ ድሮ ጁሪው ቅጣትም ይወስን ነበር፤ ከሐምሌ 2021 ወዲህ ግን ተከሳሹ ካልጠየቀ በቀር ይህ ለዳኛው ተላልፏል።

መጥሪያዎ «ግራንድ ጁሪ» የሚል ከሆነ ሌላ ሥራ ነው። በፌዴራል ከ16 እስከ 23 ሰዎች ተቀምጠው ክስ ለመመሥረት የሚበቃ ምክንያት አለ ወይስ የለም የሚለውን በምስጢር ይመረምራሉ፤ አገልግሎቱ በየተወሰነ ቀን እየተገኙ እስከ 18 ወር ሊሄድ ይችላል። ከቀጣሪዎ ጋር የሚነጋገሩትም ይህን አውቀው ይሁን።

ክፍያና ወረቀት

የፌዴራል ፍርድ ቤት በቀን 50 ዶላር፣ ሙግቱ ከ10 ቀን በላይ ከሄደ ደግሞ እስከ 60 ዶላር ይከፍላል፤ የግዛት ፍርድ ቤቶች አበል ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል። ገንዘቡ እንደ ገቢ ስለሚቆጠር በግብር ጊዜ ይገለጻል። ሙግቱ ካለቀ በኋላ ጠበቆች ሊያነጋግሩዎ ቢፈልጉ መናገርም አለመናገርም በአብዛኛው የእርስዎ ምርጫ ነው። ከመውጣትዎ በፊት የተገኙባቸውን ቀናት የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቁ፤ አንዱን ቅጂ ለቀጣሪዎ ይስጡ፣ ዋናውን ያስቀምጡ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ፖስታ ቢመጣ፣ በቅርቡ ማገልገልዎን የሚያሳዩት በዚያው ወረቀት ነው።