በየትኛውም ሜክ የሚሠራ ሜክፋይል እንዴት ይጻፋል

የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የምትቀይር ትንሽ የሲ ፕሮግራም አለችኝ። የምትገነባው በሜክ ነው፤ ሜክ ማለት ሜክፋይል በሚባል ፋይል ላይ የተጻፉትን ሩሎች (የአሠራር ደንቦች) እያነበበ ፕሮግራም የሚገነባ መሣሪያ ነው። ከሚጠቀሙባት ሰዎች አንዱ ኡቡንቱ ላይ ነው፣ ሌላው ማክ ላይ፤ አንዷ ደግሞ የፍሪቢኤስዲ ሰርቨር ታስተዳድራለች። ሦስቱም ተርሚናል ላይ "ሜክ" ብለው ሲጽፉ የሚነሳው ፕሮግራም ግን የተለያየ ነው። ኡቡንቱ ላይ ጂኤንዩ ሜክ ነው። ማክ ላይም ጂኤንዩ ነው፤ ግን አፕል አብሮ የሚሰጠው በ2006 የወጣውን 3.81 ነው። ፍሪቢኤስዲ ላይ ጭራሽ ሌላ ነው፣ ቢሜክ ይባላል።

"ሁሉም አዲሱን ጂኤንዩ ይጫን" የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ለትንሽ ፕሮግራም ብሎ ሰውን ሌላ ነገር አስጭኖ ማድከም ተገቢ አይመስለኝም። ሁሉም ሜኮች የሚጋሩት ፖዚክስ የሚባል ስታንዳርድ አለ፤ እሱ በቂ ነው።

ከኮሜንት በቀር ከሁሉም በፊት፣ በነጥብ የሚጀምረውንና በኮለን የሚያልቀውን የፖዚክስ መስመር (.POSIX:) ጻፉ። ሜክ በስታንዳርዱ እንዲሄድ የሚነግረው እሱ ነው።

ለቫሪያብል (ዋጋ ለሚይዝ ስም) ዋጋ ስትሰጡ ተራውን = ተጠቀሙ። := በሁለቱም ሜኮች አለ፤ ግን ገና ዋጋ ያልተሰጠው ቫሪያብል ሲገጥማቸው አያያዛቸው ይለያያል። የኮማንድን ውጤት ዋጋ የሚያደርገውን !=ን ጂኤንዩ የተቀበለው በ2013 በወጣው 4.0 ነው፤ ስለዚህ ማክ ላይ አይሠራም። ኮምፓይለር መቀየር የሚፈልግ ሰው ሜክን ሲጠራ ከጎኑ ይጻፈው። እዚያ የተሰጠ ዋጋ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ይሽራል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው $< ላይ ነው። ጂኤንዩ ውስጥ የትም ብትጽፉት የመጀመሪያውን ዲፔንደንሲ (ለግንባታው የሚያስፈልገውን ፋይል) ይሰጣችኋል። ፖዚክስ ግን ዋስትና የሚሰጠው በሰፊክስ ሩል (አንድ ቅጥያ ያለው ፋይል ሌላ ቅጥያ ወዳለው እንዴት እንደሚቀየር በሚናገር ሩል) ውስጥ ብቻ ነው። የአንድን ፋይል ስም ጠርታችሁ በጻፋችሁት ሩል ውስጥ $< ካስገባችሁ ቢሜክ በባዶ ይተካዋል። ኮምፓይለሩም ምንም ፋይል ሳይደርሰው ይጠራና "ፋይል የለም" ብሎ ይቆማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እዚያ ቦታ የፋይሉን ስም ራሳችሁ ጻፉ። የሚገነባውን ፋይል ስም የሚሰጠው $@ ግን የትም ቦታ ያለ ሐሳብ ይሠራል።

በ% የሚጻፈውን ሩል ተውትና የድሮውን ሰፊክስ ሩል ተጠቀሙ፤ ማለትም ሁለቱ የፋይል ቅጥያዎች ተያይዘው፣ ነጥብ ሲ ነጥብ ኦ፣ ከዚያ ኮለን። ከኮለኑ በኋላ ምንም አትጨምሩ። የሄደር ፋይል እዚያ ከጨመራችሁ ጂኤንዩ እንደ ተራ ታርጌት (የሚገነባ ፋይል) ይቆጥረዋል። ሄደሮችን ለየኦብጀክት ፋይሉ በተለየ መስመር አስቀምጡ። ፋይሎችን በዋይልድካርድ ፈንክሽን ከመሰብሰብም አንድ በአንድ ዘርዝሯቸው። ፈንክሽኑ የጂኤንዩ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ ፕሮግራሙ ከምን እንደተሠራ ለአንባቢ ያሳያል።

ከታብ በኋላ የሚመጣው ኮማንድ የሼል (ኮማንድ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ጉዳይ ነው። ኡቡንቱ ላይ ኮማንዱን የሚያስኬደው ዳሽ የሚባለው ሼል ነው፣ ባሽ አይደለም። ስለዚህ ድርብ ቅንፍ [[ አይሠራም። ከኤኮ ይልቅ ፕሪንትኤፍ ይሻላል። ጽሑፍ የሚቀይረውን ሴድን ፋይሉ ላይ በቀጥታ እንዲጽፍ የሚያደርገው ኦፕሽን (-i) ሊኑክስና ማክ ላይ አጻጻፉ ይለያያል፤ ውጤቱን ወደ ሌላ ፋይል አውጥታችሁ ስሙን ቀይሩ። በተለምዶ እያንዳንዱ መስመር በየራሱ ሼል ስለሚሄድ ፎልደር ገብታችሁ የምትሠሩትን በ&& አያይዙት።

ለመሞከር ሌላ ማሽን አያስፈልግም። ኡቡንቱ ላይ ቢሜክ የሚባል ፓኬጅ አለ፤ ጫኑት። በሜክ ገንቡ፣ አጽዱ፣ በቢሜክ ድገሙት። ከዚያ ሁለቱንም ብዙ ሥራ በአንዴ በሚያስኬደው ኦፕሽን (-j) ሞክሯቸው። የረሳችሁት ዲፔንደንሲ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው።