አሸዋ ላይ ችቦ ስትተክሉ የሚያስቸግሯችሁ ስህተቶች

ለእህቴ መልስ አራት ኪሎ ያለው የአክስቴ ግቢ በችቦ ይድመቅ ተባለ። የቡሄው ወይም የደመራው ችቦ አይደለም። ቀርከሃው ጫፍ ላይ የላምባ ቆርቆሮና ክር ያለበት፣ የመዝናኛ ቦታዎች የሚያቆሙት ዓይነት ነው። ግቢው ሲሚንቶ ስለሆነ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ በጥግ በጥጉ ከምረን ስምንት ተከልን። እራት ሳይቀርብ ሦስቱ ወደቁ። አንዱ የአክስቴን ነጠላ ጥለት ለበለበው። እስከ ዛሬ "ያንተ ደመራ" እያለች ትቀልድብኛለች። መስከረም 16 እንኳ ደመራው ወደየት ወደቀ ተብሎ ይታያል። የእኔን አወዳደቅ ግን የሚፈታልኝ አልተገኘም።

ስህተቱ የእኔ ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ግብዣ በሄድኩ ቁጥር ዘንግ ሥር ሥር ማየት ልማዴ ሆኗል፤ ሁሉም ያንኑ ይደግማል።

ገፍቶ መሰካት

ዘንጉን ቀጥ አድርገን እንይዛለን፣ ወዲያ ወዲህ እየነቀነቅን እንገፋዋለን። ይገባል። ደስ ይለናል። ችግሩ ያ መነቅነቅ ነው። ጉድጓዱን ከላይ ያሰፋዋል፣ የሚሞላው አሸዋም ልል ሆኖ ይቀራል። ደረቅ አሸዋ እርስ በርሱ አይያያዝም፤ ቅንጣቱ አንዱ ባንዱ ላይ ይንከባለላል። ነፋስ ዘንጉን በነካው ቁጥር ጉድጓዱ ትንሽ ትንሽ እየሰፋ ይሄዳል። አመሻሹ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንደ ሰካራም ያዘነብላል።

በመግፋት ፈንታ ቆፍሩ። ጉድጓዱን ሰፋ አድርጋችሁ ዘንጉን አቁሙ፣ አንድ ሰው ይያዝላችሁ። ከዚያ አሸዋውን አንድ ጭብጥ ጥልቀት ያህል እየመለሳችሁ በእንጨት ጠቅጥቁ። እንደገና መልሱ፣ እንደገና ጠቅጥቁ። አሰልቺ ነው፤ ግን ልዩነቱ ሌላ ነው።

ስንዝር አሸዋ ላይ መተማመን

ከዘንጉ ቁመት አንድ ሦስተኛው ከመሬት በታች ይሁን። 1.5 ሜትር ችቦ ማለት 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ማለት ነው። እኛ ያኔ የከመርነው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው፤ ከሥሩ ሲሚንቶ። ያን ጊዜ ሥሩ ላይ ድንጋይ ደርድረን "ይበቃዋል" አልን። ድንጋዩ የተከለው ሰው ልብ እንዲረጋ ካልሆነ ለዘንጉ ምንም አይረዳም።

ውሃን መርሳት፣ ወይም ማብዛት

እርጥብ አሸዋ የሚያያዘው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ስስ ውሃ ስለሚስባቸው ነው። ውሃው ሲበዛ ግን ያ መሳሳብ ይጠፋና ይፈሳል። ጥሩ ሙከራ አለ፤ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ከያዘና እጃችሁ ላይ ካልተንጠባጠበ በቂ ነው። ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ከተከላችሁ ማታ ደርቆ ታገኙታላችሁ፤ ስለዚህ ከመለኮሳችሁ በፊት ላዩን ረጨት አድርጉት።

የቀለም ባልዲ

በሲሚንቶ ግቢ ሁሉም ወደዚህ ይመጣል። ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ አሸዋ ሲሞላ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል። ያን ያህል ከብዶ ይወድቃል ብሎ የሚያስብ የለም። ግን ባልዲ ሥሩ ጠበብ፣ አፉ ሰፋ ያለ ነው። ሰው ትከሻው ሲነካው፣ ወይም መሬቱ ትንሽ ሲያዘነብል፣ ክብደቱ ራሱ ይጥለዋል። ከዚህ አሮጌ የመኪና ጎማ ይሻላል፤ ዝቅ ያለና ሰፊ ነው። መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግተው ቡና የሚያፈሉትን እዩ፤ ዋናው ነገር የሥሩ ስፋት መሆኑን ከማንም በላይ ያውቁታል።

አሁን የምጠቀምበት ዘዴ ይህ ነው። ሰፈራችን ካለው ብየዳ ቤት 60 ሴንቲ ሜትር ፌሮ ሥሩ ላይ ካሬ ላሜራ አስበየድኩ። ላሜራው አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ ይቀመጣል፣ በላዩ ያለው አሸዋ ሁሉ ይጫነዋል። ቀርከሃውን ብቅ ካለው ፌሮ ጋር በማሰሪያ ሽቦ ሁለት ቦታ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። ብየዳ የማይመቻችሁ ሁለት አጫጭር እንጨቶች በመስቀል ምልክት ዘንጉ ሥር በምስማር ምቱ፤ ያው ሥራ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አንድም ችቦ አልወደቀብኝም። በነገራችን ላይ ዘንጉን በአንድ ጣት ገፋ አድርጋችሁ ካልተነቃነቀ አልቋል።

ቆርቆሮውን ጢም ማድረግ

ላምባው ያለው ጫፉ ላይ ነው። የሞላ ቆርቆሮ ዘንጉን ከላይ ያከብደዋል፣ ሲያዘነብልም ይፈሳል። ለአንድ ምሽት ግማሹ ይበቃል። ሲያልቅ ካልጠፋና ካልቀዘቀዘ በቀር አትሙሉ። በቤንዚን ለመተካት ከቶ አታስቡት።

ከድንኳን ሸራ ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ። አንድ ባልዲ አሸዋ ደግሞ ለብቻ አስቀምጡ፤ የሚነድ ላምባ ላይ ውሃ ብትደፉበት ላምባው ውሃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ይዞ ይሰራጫል። አሸዋ ግን አፍኖ ያጠፋዋል። አክስት ካለቻችሁ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አስቀምጧት።