ፕላን ላይ ስኬል እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይለካል?

አዳማ ላይ 10 በ20 ሜትር ቦታ ላይ የሚያርፍ ቤት ፕላን ልትስሉ ነው እንበል። ስኬሉ፣ ማለትም እውነተኛው ርዝመት ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ እንደሚያንስ የሚናገረው ምጣኔ፣ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ነው የሚመረጠው። በ1፡100 አንድ ሜትር 1 ሴ.ሜ. ስለሚሆን ቦታው 10 በ20 ሴ.ሜ. ይወጣዋል፤ ኤ4 ይበቃዋል። በ1፡50 ከሆነ 20 በ40 ነው። ኤ3 29.7 በ42 ሴ.ሜ. ስለሆነ ለልኬት መስመርና ለርዕስ ሳጥን (የፕላኑ ስምና ስኬል ለሚጻፍበት) ቦታ አይተርፍም፤ ኤ2 ውሰዱ። ባለ 20 (20 ሴ.ሜ. ውፍረት ያለው) ብሎኬት ግድግዳ በ1፡100 2 ሚ.ሜ. ብቻ ነውና በርና መስኮት በደንብ እንዲታይ ከተፈለገ 1፡50 ይሻላል።

ባለ ሦስት ጎኑ ስኬል ማስመሪያ ርዝመት ምልክት ለማድረግ ብቻ ይሁን፤ መስመር ከተሳበበት ቁጥሩ ቶሎ ይጠፋል። ርካሹን ፕላስቲክ በአዳማ ሙቀት መኪና ውስጥ ጥላችሁት አትሂዱ፣ ይጎብጣል። ስትለኩ ለየክፍሉ ዜሮውን አታዛውሩ። አንዴ ጥግ ላይ አስቀምጡና 4፣ 7.5፣ 10 ሜትር እያላችሁ ሁሉንም ባንድ አቀማመጥ ምልክት አድርጉ። የ0.5 ሚ.ሜ. ስህተት በ1፡100 5 ሴ.ሜ. ነው፤ አራት ጊዜ ከተደራረበ የአንድ ግድግዳ ውፍረት ያህላል።

ዋናው ጣጣ የሚመጣው ኅትመት ላይ ነው። ኤ1 ላይ በ1፡50 የተሳለ ወደ ኤ3 ሲወርድ በግማሽ ያንሳል፤ 1፡100 ስለሚሆን ችግር የለውም። ከኤ3 ወደ ኤ4 ሲወርድ ግን 71 በመቶ ነው፤ 1፡100 የነበረው ወደ 1፡141 ይለወጣል፣ በየትኛውም ማስመሪያ ላይ የማታገኙት ስኬል። ከዚህ የባሰው ፕሪንተሩ ከገጹ ጋር ለማጣጣም ብሎ በራሱ ጥቂት ሲቀንስ ነው። 96 በመቶ ሆኖ የወጣ ፕላን በዓይን አይለይም፤ 10 ሜትሩ ግን 9.60 ተብሎ ይነበባል። ፎቶ ኮፒ ቤት ስታሳትሙ 100 በመቶ መመረጡን ቆማችሁ እዩ።

እጃችሁ የገባውን ወረቀት ለመፈተሽ ቁጥር ከተጻፈባቸው ልኬቶች ረጅሙን በተራ ማስመሪያ ለኩ፤ አጭሩ ላይ የንባብ ስህተት ይጎላል። ከዚያ የተጻፈውን በሚ.ሜ. ለለካችሁት አካፍሉ፦ 10 ሜትር የተባለው 71 ሚ.ሜ. ከሆነ 10,000 ለ71 ሲካፈል 141 ነው። የተጻፈ ቁጥርና በማስመሪያ የተለካው ካልተስማሙ የሚሠራው በተጻፈው ነው። ቁጥር ካልተጻፈ ፕላኑን የሳለው ሰው ይጠየቅ።

ለጥንቃቄ ከሥዕሉ ሥር ባር ስኬል፣ ማለትም በሜትር የተከፋፈለ መስመር፣ ሳሉ፤ ወረቀቱ ሲያንስ አብሮ ያንሳልና አያሳስትም። ስፋት ስታሰሉ ደግሞ ስኬሉ በራሱ እንደሚባዛ አትርሱ፤ በ1፡50 1 ካሬ ሴ.ሜ. 0.25 ካሬ ሜትር ነው። የደረጃና የመሠረት ዲተይል (ጎልቶ የሚሳለው ዝርዝር ሥዕል) በ1፡20 ወይም በ1፡10 ሲሳል ስኬሉ እዚያው ሥዕሉ ሥር ይጻፍ፤ በእጅ የተጫረው ደግሞ «በስኬል አልተሳለም» ይባልበት።