ቼፋሉን በአንድ ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል? ባሕሩን ለከሰዓት አቆዩት

በጣሊያኗ ሲሲሊ ደሴት ሰሜናዊ የባሕር ዳርቻ ወዳለችው ቼፋሉ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ አሸዋው ነው። እኔ ግን ተራው ይገልበጥ እላለሁ፤ መጀመሪያ ተራራው፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ባሕሩ በመጨረሻ።

ወሩን በመምረጥ ጀምሩ። የእኛ ክረምት የእነርሱ በጋ ነው። በነሐሴ ጣሊያናውያን ራሳቸው ለዕረፍት ስለሚወጡ በአሸዋው ላይ ጠጠር መጣያ አይገኝም። ሰኔ ወይም መስከረም ይሻላል፤ በመስከረም ባሕሩ ገና እንደሞቀ ነው።

ከደሴቲቱ ዋና ከተማ ከፓሌርሞ ማዕከላዊ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የወረቀት ትኬት ከያዛችሁ ሳትሳፈሩ በጣቢያው ማሽን አስመቱት፤ ያልተመታ ትኬት ያስቀጣል። የመመለሻውንም ሰዓት ያን ጊዜውኑ ጠይቁ።

ከከተማዋ ጀርባ የተገተረው ገደል ላ ሮካ ይባላል፤ ቁመቱ 270 ሜትር ነው። በምሥራቅ በኩል ስለቆመ ጠዋት መውጫው ላይ ጥላ ያርፋል። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ መውጣት ጀምሩ። ውኃ ያዙ፤ ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ነጠላ ጫማ አታድርጉ። መንገድ ላይ በግዙፍ ድንጋዮች የታነጸውንና በጥንት ሮማውያን እንስት አምላክ ስም የሚጠራውን የዲያና ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ታገኛላችሁ። ከአናቱ ላይ ቁልቁል ስታዩ የሸክላ ጣሪያዎቹ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ማማዎችና ቀስት የመሰለው አሸዋ አንድ ላይ ይታያሉ።

ስትወርዱ በቀጥታ ወደ ካቴድራሉ ግቡ። ትከሻችሁን የምትሸፍኑበት ነጠላ ወይም ሻሽ አይለያችሁ። ሕንፃውን እ.ኤ.አ. በ1131 ያስጀመረው ንጉሥ ሩጀሮ ሁለተኛ ነው። ከመሠዊያው በላይ ያለው የክርስቶስ ሞዛይክ እ.ኤ.አ. ከ1148 ጀምሮ እዚያው አለ፤ ቀኝ እጁ ለቡራኬ ተነሥቷል፣ በግራው ወንጌል ይዟል። በተከፈተው ገጽ ላይ በግሪክኛና በላቲን «እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ» የሚለው ቃል ተጽፏል። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ላደገ ሰው እነዚያ ሰፋፊ ዓይኖች እንግዳ አይደሉም። ቁጭ በሉና ግንባሩ ላይ የወረደውን የፀጉር ዘለላ እስክትለዩ ድረስ አስተውሉ። እኔ ከከተማዋ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

በቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ጎዳና በኩል ወደ ባሕሩ ስትሄዱ የጥንቱ ልብስ ማጠቢያ አለ። ደረጃውን ውረዱ፤ ውኃው ከ22 አፎች ይፈስሳል፣ አብዛኞቹም የአንበሳ ራስ ናቸው። ሴቶች ልብስ ያሹባቸው የነበሩት የድንጋይ ገንዳዎች ዛሬም በቦታቸው ናቸው።

አሁን ዋኙ። ዳርቻው አሸዋማ፣ ጥልቀቱም ቀስ በቀስ የሚጨምር ስለሆነ ለልጆች ይመቻል። ጥላና ወንበር በኪራይ ይገኛል፤ በነፃ ፎጣ የሚነጠፍበትም ቦታ አለ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሰው ሁሉ ወደ ባሕሩ ይዞራል። እናንተ አንድ አፍታ ወደ ከተማዋ ዙሩ፤ ጠዋት በጥላ የወጣችሁት ላ ሮካ ከእግሩ እስከ አናቱ ወርቅ ለብሶ ይቆያችኋል።