የወላጆቻችሁን የጭቃ ቤት ጅማ ላይ ስታድሱ

ውጭ ቆይታችሁ ጅማ ስትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው እናት አባታችሁ የሠሩት ቤት ላይ ነው። ግድግዳው ተቦርቡሯል፣ ቆርቆሮው ዝጓል፣ ምስጥ ገብቷል። ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምክር ደግሞ አንድ ነው፦ «አፍርሳችሁ በብሎኬት ሥሩት።» አትቸኩሉ። የጭቃ ቤት ከላይም ከታችም ከውኃ ከተጠበቀ ብዙ ዘመን ይቆያል። የሚጠግነውም ሰው እዚያው ሰፈር ውስጥ አለ።

ወረቀቱን አስቀድሙ። ካርታው በማን ስም ነው? ባለቤቱ አርፈው ከሆነ የወራሽነት ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሳያልቅ አንድ ሚስማር እንኳን አትምቱ፤ በኋላ ከእህት ወንድም ጋር የሚያጣላው ይኸው ነው። የቀበሌ ቤት ከሆነ ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደላችሁም፣ ስለዚህ ከማደስ በፊት አከራዩን ማነጋገር ግድ ነው። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርዱን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ አውጡ፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ትችላላችሁ። እዚህ ለሚከታተልላችሁ ሰው ውክልና የምትሰጡት ባላችሁበት አገር ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ነው። ውክልናው ላይ ለማሳደስ፣ ፈቃድ ለማውጣት፣ ውል ለመፈረም ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። «ለመሸጥ ለመለወጥ» የሚለው የተለመደ ሐረግ ካላስፈለጋችሁ ይውጣ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ ነው የሚሠሩት፣ ቋንቋውን የሚጽፍ ሰው አብሯችሁ ይኑር።

ጊዜውን በደንብ አስቡበት። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፣ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ መስከረምን ይሻገራል። ጭቃ የሚሠራው በበጋ ነው። ችግሩ የበጋው መግቢያ የቡና ለቀማም ወቅት መሆኑ ነው፣ ቀን ሠራተኛው ወደ ገጠር ይወጣና ከተማ ውስጥ ሰው ይወደዳል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ እንጨቱን፣ ጭዱን፣ ቆርቆሮውን አሰባስቡ፣ አናጢውን ቀብድ ሰጥታችሁ ያዙት፣ ጭቃውን ጥር ላይ ጀምሩ።

ሥራው ከጣሪያ ይጀመራል። ቆርቆሮው እያፈሰሰ ግድግዳ መለሰን ገንዘብ መጣል ነው። ስትቀይሩ የጣሪያውን ክፈፍ ከግድግዳው አርቃችሁ አውጡት፣ አሸንዳ አስገጥሙ፣ ውኃውን በቦይ ከቤቱ አርቁት። ጂሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በረንዳ እዩ፤ በዚህ ዝናብ ውስጥ እንጨት የሚተርፈው ሰፊ ጥላ ሲኖረው ነው። ውኃው በየት በኩል እንደሚመጣ ካላወቃችሁ የጎረቤት እማማን ጠይቁ፤ ክረምቱን ሁሉ እዚያው ሆነው የሚያዩት እሳቸው ናቸው።

ቀጥሎ ቋሚዎቹ። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ ጭቃውን ፍቃችሁ በቢላ ውጉት። ጤነኛ እንጨት ቢላውን ይመልሳል። ምስጥ የጨረሰው ላዩ ደህና መስሎ ቢላው እስከ እጀታው ይገባል፣ ሲመቱትም ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ማዕዘኖቹን፣ የበሩን ግራና ቀኝ፣ በወጥ ቤቱና በውኃ መስመሩ በኩል ያለውን ግድግዳ ሳታዩ አትለፉ። የተበላውን ለመቀየር ጣሪያውን በባላ ደግፉና አንድ ብቻ አውጡ፣ ተኩ፣ አጽኑ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሁለት ሦስቱን አንዴ ያወጣ አናጢ ቤቱን ያጋድለዋል። ጥድና ወይራ ምስጥን ይቋቋማሉ፣ ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው ግን ቶሎ ይበላል። የአገር በቀል ዛፍ ስትገዙ ሕጋዊ ወረቀት ይኑረው፤ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጥድ ካገኛችሁ ከሁሉም እሱ ይሻላል። መሬት የሚገባውን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት፣ ዙሪያውን በድንጋይ አጥብቁት። የግድግዳውን እግር ደግሞ ከውጭ በኩል በድንጋይ ከፍ አድርጉ፣ የጣሪያ ጠብታ እየረጨ የሚበላው ያንን ቦታ ነው።

አሁን ጭቃው። የጅማ ቀይ አፈር የሚያጣብቅ ነው፣ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ በጭዱ አትሰስቱ። አፈሩና የጤፍ ጭዱ አንድ ላይ ርሶ ሳምንት ያህል ይቦካ፣ በየቀኑም በእግር ይረገጥ። ሲደርስ ሽታው ይለወጣል፣ እጅ ላይ ይለጠጣል፣ አድቦልቡላችሁ ግድግዳ ላይ ስትመቱት ተጣብቆ ይቀራል። የመጀመሪያው ምርጊት ማገሩ መሃል በደንብ ገብቶ ይድረቅ፣ ቢሰነጠቅም አትደንግጡ። ሁለተኛው ልስን ቀጭን ይሁን፣ በደቃቅ ጭድና በትንሽ አሸዋ። አሸዋው ምን ያህል እንደሚበቃ ለማወቅ ከጓሮ በኩል ሁለት ሦስት ዓይነት ቅልቅል በትንሽ በትንሹ ለስናችሁ እዩ፣ ሳይሰነጠቅ የደረቀውን ያዙ።

አናጢውም ዘመዱም «ሽቦ ወጥሩና በሲሚንቶ ለስኑት» ይላችኋል። እምቢ በሉ። ጭቃ እርጥበት ይወስዳል፣ መልሶም ይተነፍሳል። ሲሚንቶ መውጫውን ይዘጋበታል፣ ውስጡ ረጥቦ ይቀራል፣ ምስጡም እሱን ይወዳል፣ ጥቂት ክረምት ቆይቶም ልስኑ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወርዳል። ፈረንሳይ ገጠር አሮጌ የድንጋይ ቤት ገዝተው የሚያድሱ እንግሊዞችም የሚገጥማቸው ይኸው ነው፤ በኖራና በአፈር የተገነባ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መሄጃ ያጣል። ቀለምም ቢሆን ግድግዳው እስኪደርቅ ጠብቃችሁ ኖራ ቀቡ፣ የፕላስቲክ ቀለሙን ተዉት።

ገንዘቡን ከውጭ ስትልኩ በደረጃ ይሁን፦ ጣሪያው ሲያልቅ፣ ቋሚዎቹ ሲያልቁ፣ ምርጊቱ ሲደርቅ። ዕቃውን የራሳችሁ ሰው ይግዛ፣ ከባለሙያው ጋር የምትዋዋሉት በእጅ ዋጋ ብቻ ነው። በየማታው በቴሌግራም ቪዲዮ ይላክላችሁ፣ በተለይ ቋሚው በጭቃ ከመሸፈኑ በፊት፤ ከተመረገ በኋላ የተቀየረና ያልተቀየረ እንጨት አይለይም። መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ወኪላችሁ ጃንጥላ ይዞ ቤቱን ይዙር፣ ውኃ የሚረጭበትን ቦታ ምልክት ያድርግበትና በማግሥቱ በተረፈው ጭቃ ይድፈነው።